ክላስተር እንዴት ይተከላል? እንዴትስ ይነቀላል?

ኮምፒዩተር የምንማር ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ስለ ክላስተር አብዝተን ስንነጋገር እንሰማለን። ወላጆቻችን ግን ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁን የምንሰጣቸው መልስ ብዙውን ጊዜ ከጥያቄው ይልቅ የከበደ ይሆናል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለዚሁ ነገር፥ ይልቁንም ክላስተር በሰው እጅ ሳይሆን በተጻፈ ትእዛዝ ራሱ እንዲተከልና ራሱ እንዲነቀል ስለሚደረግበት ብልሃት ጥቂት ለመግለጽ አስቤአለሁ። «ማቆም» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ በአማርኛችን ቤት መሥራትም ሥራ መግታትም «ማቆም» ስለሚባል፥ በዚህ ጉዳይ ላይ ነገር ያምታታልና።

መጀመሪያ ኮንቴይነር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ነጋዴ 58 የብረት ሣጥኖች በአንድ መርከብ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ጭነት በጆንያና በሣንዱቅ እየተቆጠረ ይጫን ነበር፤ የማክሊን ሣጥን ግን ሳይከፈት ከመኪና ወደ መርከብ ይሻገራል። የኮምፒዩተሩም ኮንቴይነር አሳቡ ይኸው ነው፤ አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይታሸግና ተስማሚ በሆነ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ያው ሆኖ ይሠራል። ይህን ሥራ በ2013 የወጣው ዶከር በሰፊው አስለመደው። ሣጥኖቹ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲበተኑ ደግሞ የሚያስተዳድራቸው ያስፈልጋል፤ ለዚሁም ጉግል በ2014 ኩበርኔቲስን ለሕዝብ ገለጸ። ስሙ በግሪክ ቋንቋ መርከብ መሪ ማለት ነው። በእርሱ ሥር ተጣምረው እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩት ኮምፒዩተሮች ክላስተር ይባላሉ።

እነዚህን ኮምፒዩተሮች ብዙ ሰው አይገዛቸውም፤ እንደ አማዞን ካሉ ኩባንያዎች ይከራያቸዋል። ኮምፒዩተሮቹ በቨርጂኒያ፣ በአየርላንድ ወይም በኬፕታውን ተቀምጠው እኛ በኢንተርኔት እናዛቸዋለን፤ ክላውድ የሚሉት ይህን ነው። ኪራዩ በጊዜ ይቆጠራል። አማዞን በመደበኛው አገልግሎት ለክላስተሩ አዛዥ ክፍል ብቻ በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ይጠይቃል፤ የሌሎቹ ኮምፒዩተሮችና የዲስኩ ዋጋ ለብቻ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን 8 ሰዓት 5 ቀን የሚሠራ ሰው የሚጠቀምበት ግን 40 ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፥ የቀረው 128 ሰዓት ባዶ ቤት መከራየት ነው። አዛዡን ክፍል ብቻ እንኳ ብናሰላ 4 ዶላር ሊበቃ ሲችል 16 ዶላር ከ80 ይከፈላል።

ታዲያ ማታ ነቅሎ ጧት መትከል አይሻልምን? ይሻላል፤ ነገር ግን በየጧቱ ከኩባንያው ገጽ ላይ አንድ በአንድ እየመረጡ መትከል አሰልቺ ነው፤ የዛሬውም ከትናንቱ ይለያል። በ2014 የወጣው ቴራፎርም የተባለ ፕሮግራም ለዚህ መድኃኒት ነው። ባለቤቱ የሚፈልገውን ነገር ይጽፋል፤ እንዴት እንደሚሠራ አይጽፍም። ቴራፎርም የተጻፈውን ካለው ጋር አስተያይቶ የጎደለውን ይሠራል፤ የሠራውንም በመዝገብ ይይዛል። «ቴራፎርም አፕላይ» ሲባል ኔትወርኩን፣ አዛዡን ክፍልና ኮምፒዩተሮቹን በየተራቸው ይተክላል፤ «ቴራፎርም ዲስትሮይ» ሲባል መዝገቡን እያየ ይነቅላል።

ከባዱ መንቀሉ ነው። ለምን ቢሉ፥ ለሠርግ ከዕድር የመጣ ድንኳን እናስብ። የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በመዝገቡ ላይ እየቆጠረ ይረከባል። ነገር ግን እንግዳ በዝቶ አሳላፊው ከጎረቤት ሃያ ብርጭቆና ሁለት አግዳሚ ወንበር ቢያስመጣ፥ ይህ በዕድሩ መዝገብ ላይ የለም፤ የሚያውቀው አሳላፊው ብቻ ነው። አሳላፊው አስቀድሞ ከተሰናበተ የጎረቤት ዕቃ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ቴራፎርም ዕቃ ጠባቂው ነው፤ ኩበርኔቲስ አሳላፊው ነው። በክላስተሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ከውጭ ጥያቄ እንዲቀበል ሲታዘዝ፥ ኩበርኔቲስ ራሱ ሎድ ባላንሰር የሚባል ጥያቄ አከፋፋይ ከኩባንያው ያስመጣል፤ ፕሮግራሙ መረጃ ማስቀመጫ ቢጠይቅ ዲስክ ያስመጣል። እነዚህ በቴራፎርም መዝገብ የሉም። ክላስተሩ ድንገት ከተነቀለ መላሻቸው አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ሎድ ባላንሰሩ በኔትወርኩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኩባንያው ኔትወርኩን አላስነቅልም ይላል፤ ትእዛዙም መንገድ ላይ ይቀራል። ይህስ ደግ ነው፤ ቢያንስ ይታያል። ዲስኩ ግን ማንንም ስለማያግድ ዝም ብሎ ተቀምጦ ኪራይ ያስቆጥራል፤ የሚገለጠውም ሂሳብ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ተራው እንዲህ መሆን አለበት። ክላስተሩ ገና በሕይወት ሳለ መጀመሪያ ፕሮግራሞቹ ይወገዳሉ፤ በሥራ ላይ ያለን ዲስክ ኩበርኔቲስ አይለቅምና። ከዚያ ሎድ ባላንሰሩና ዲስኩ እንዲመለሱ ይታዘዛል። ማዘዝ ብቻ አይበቃም፤ መመለሳቸውን ከኩባንያው ጠይቆ እስኪረጋገጥ ድረስ መቆየት ይገባል። ቴራፎርም የሚጠራው ከዚህ በኋላ ነው። «ይቆይ» የሚል ደንብ የተሰጠው ዲስክ በዚህ ሁሉ መካከል አይነካም፤ ሌላው ግን አንድ ጊዜ ከተሰረዘ፥ ቅጂ ካልተወሰደለት በቀር፥ ተመልሶ አይገኝም። በበኩሌ ማታ ማታ የሚነቅለው ፕሮግራም «ከእነ እገሌ በቀር ሁሉን ንቀል» ተብሎ ሊታዘዝ አይገባም እላለሁ፤ «ለልምምድ» የሚል ምልክት የተለጠፈበትን ብቻ ይንቀል። ምልክት የተረሳበት ክላስተር ገንዘብ ያስወጣል፤ በስሕተት የተነቀለ ግን የሰው መዝገብ ይዞ ይሄዳል።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ የማታ ትእዛዞች ብዙውን ጊዜ የሚቆጠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እርሱም ከኢትዮጵያ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እንዲነቀል የፈለገ ሰው 16 ብሎ ይጽፋል። 1 ብሎ ቢጽፍ ክላስተሩ የሚነቀለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ የ9 ሰዓት ኪራይ በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ለመለማመድ የባንክ ካርድ የሌለው ተማሪ ሚኒኩብ የተባለውን ፕሮግራም በነፃ ማግኘት ይችላል። 2 ጊጋባይት ነፃ ሜሞሪና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ባለው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ትንሽ ክላስተር ይተክላል፤ በአንድ ትእዛዝም ይነቅላል። ከጎረቤት የሚያስመጣው ዕቃ ስለሌለ ግን ያ አስቸጋሪው የሎድ ባላንሰርና የዲስክ ነገር በዚያ ላይ አይታይም።