ያገለገለ ፕሪየስ ልትገዙ ነው?

«ሃይብሪድ ያዋጣኛል?» ብሎ ጋራዥ ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚነዳ ነው። ዲሲ ውስጥ መብራት ለመብራት እየቆመ ኡበር ለሚሠራ፣ አዎ። ፍሬን በያዘ ቁጥር ይባክን የነበረው ጉልበት ባትሪ ይሞላል፤ የፍሬን ሸራውም ይበረክታል። ሃይዌይ ላይ ለሚውል ግን ጥቅሙ ያንሳል።

ስትገዙ የኋላ ወንበር ጎን ያለችውን የአየር ማስገቢያ እዩ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በእሷ ነው፤ አቧራና የውሻ ፀጉር ከደፈናት ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሻጭ መኪናውን አሙቆ ከጠበቃችሁ (ይህን ብልሃት የሚያውቁ አሉ) ሌላ ቀን ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ተመለሱ። ከ2010 እስከ 2015 ያለው ሞዴል እንዲህ ቀዝቅዞ ሲነሳ ከተንገጫገጨ የቴስታታ ጋስኬቱን ጠርጥሩ። እኔ ብሆን በቅናሽም አልወስደውም።

አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል።