ካምቢዮው ዘይት ሲያንጠባጥብ

የኪነ ጥበብ ተማሪ ስለ ካምቢዮ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ የሚያንጠባጥብ መኪና የባለቤቱን የትምህርት ክፍል አይጠይቅም። በየሰፈራችን ከእኛ ዕድሜ የሚበልጥ መኪና አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን አሮጌ ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ የሚያስፈልግ ሆኗል። ከእነዚህም መካከል ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ጥቂቶች አይደሉም። በእነሱ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች አንዱ፣ ቶሎ ቢጠገን ዋጋው ትንሽ ሲሆን ቸል ቢባል ግን ካምቢዮውን በሙሉ የሚያጠፋው፣ ከካምቢዮው ወደ ራዲያተሩ በሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች መጋጠሚያ ላይ የሚታየው መፍሰስ ነው።

በመጀመሪያ ቧንቧዎቹ ለምን እንዳስፈለጉ እንመልከት። በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በኦቶማቲኩ ግን ኃይሉን የሚያስተላልፈው በአብዛኛው ዘይት ነው። ሞተሩ አንዱን ባለ ክንፍ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም ሁለተኛውን መዘውር ያዞራል። ጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» የተባለውን ካምቢዮ በ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ካቀረበ ወዲህ አሠራሩ ብዙ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ዘይት ሲናጥ መሞቁ አልቀረም። ስለዚህ ፓምፑ የጋለውን ዘይት በአንደኛው ቧንቧ ወደ ራዲያተሩ ይልከዋል። ዘይቱ በዚያ ውኃው ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ማቀዝቀዣ አልፎ ሙቀቱን ከተወ በኋላ በሁለተኛው ቧንቧ ይመለሳል።

ይኸው ዘይት በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች በግፊት አጣብቆ የሚይዝም ነው። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ሸራዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ሲንሸራተቱም ይቃጠላሉ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ካለ አደጋው ደርሷል ማለት ነውና መንዳት ማቆም ይገባል። ከዚህም ሌላ ዘይቱ በጋለ ማርሚታ ላይ ቢንጠባጠብ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ነው? የካምቢዮ ዘይት አዲስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይለወጣል። የሞተር ዘይት ግን ወደ ጥቁር ያደላል። ከመኪናው በታች ነጭ ካርቶን ዘርግቶ ማሳደር ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። ይሁን እንጂ ጠብታው የወደቀበት ቦታ የፈሰሰበት ቦታ ላይሆን ይችላል፤ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይወስደዋልና። ስለዚህ ቧንቧዎቹንና መጋጠሚያዎቹን በሳሙናና በብሩሽ አጥቦ ማድረቅ፣ ሞተሩን ጥቂት ማሠራት፣ ካጠፉ በኋላም በንጹሕ ጨርቅ እየዳበሱ ከሁሉ በላይና ከሁሉ በፊት የረጠበውን ቦታ መፈለግ ይሻላል። ዘይቱ እንደ እንጆሪ ወተት ደፍርሶ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የመጋጠሚያው አይደለም። በራዲያተሩ ውስጥ ያለችው ማቀዝቀዣ ተበስታ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋልና፣ መኪናው ሳይነዳ ወደ ጋራዥ መወሰድ አለበት።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚፈስ መጋጠሚያ ሲያይ የመጀመሪያ ሐሳቡ ማጥበቅ ነው። መጠየቅ የሚገባው ግን «ይህ መጋጠሚያ ዘይቱን የሚያግደው በምኑ ነው?» ተብሎ ነው። መልሱም እንደ መጋጠሚያው ዓይነት ሦስት ነው።

አንደኛው፣ በአሮጌዎቹ ቶዮታ ኮሮላዎች እንደሚታየው፣ በጎማ ቱቦና በፋሸታ የሚያያዘው ነው። እዚህ የሚያረጀው ጎማው ነው፤ ከደረቀና ከተሰነጠቀ በኋላ ፋሸታ ማጥበቅ ስንጥቁን ማስፋት ይሆናል። ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ አዲስ ቱቦ መግዛት ነው። የራዲያተር ውኃ ቱቦ አይሆንም፤ በዘይት አብጦ ይበሰብሳል። ቱቦው የብረቱን ጫፍ ጉብታ አልፎ መግባት፣ ፋሸታውም ከጉብታው ኋላ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው በቀድሞዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች የተለመደው ባለ ዳዶ መጋጠሚያ ነው። ዘይቱን የሚያግደው ጥርሱ አይደለም፤ እንደ መለከት አፍ የተከፈተው የቧንቧው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር ፊት ለፊት ሲጣበቅ ነው። ስለዚህ በጥርሱ ላይ የውኃ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ክር መጠምጠም ከንቱ ነው፤ ቁራጩም ወደ ካምቢዮው ሊገባ ይችላል። ሲፈታም ሆነ ሲጠብቅ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ የራዲያተሩን መያዣ ይዞ ያቆማል፣ ሌላው ዳዶውን ያዞራል። በአንድ ቁልፍ የታገለ ሰው ቧንቧውን ይጠመዝዛል ወይም ራዲያተሩን ይሰነጥቃል። የቧንቧው አፍ ከተሰነጠቀ ጫፉን በቧንቧ መቁረጫ ቆርጦ፣ ድርብ አፍ በሚያወጣው መሣሪያ እንደገና መክፈት ይቻላል። ዳዶው ግን አስቀድሞ በቧንቧው ላይ መግባት አለበት፤ አፉ ከተከፈተ በኋላ አይገባም። የብረቱን ቧንቧ በመዳብ መተካትም አይመከርም፤ መዳብ በንቅናቄ ብዛት ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው፣ በኋላ ዘመን በተሠሩት ብዙ መኪናዎች ያለው፣ በሽቦ መያዣና በጎማ ቀለበት የሚገጥመው ነው። ይህ ከቶ በማጥበቅ አይድንም። ሽቦውን አውልቆ፣ ቀለበቱን ለውጦ፣ አዲሱን በንጹሕ የካምቢዮ ዘይት ቀብቶ፣ «ቀጭ» እስኪል መግፋት ነው፤ ከዚያም ሳብ አድርጎ መፈተሽ ይገባል።

ሁሉም ሥራ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በደልዳላ ቦታ ይሠራ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይደረግ። የሚፈሰውን ዘይት መያዣ ሣህን ይዘጋጅ።

ሲያበቃም የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘውን ዓይነት ዘይት ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ከዚያ ፍሬን ይዞ መሪውን ሳይሆን ማርሹን በየቦታው እያሳለፉ፣ ሞተሩም ሲሞቅ፣ ልኩን መመልከት ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ልኩ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ ሲሆን በአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በሆንዳ፣ ከጠፋ በኋላ ነው። ከልክ በላይ መሙላትም ጉዳት አለው፤ ዘይቱ አረፋ ይሆንና ግፊቱን ያጣል። በማግሥቱ ካርቶኑን እንደገና ዘርግቶ ማየት አይረሳ፤ ካርቶኑ ነጭ ሆኖ ካደረ ሥራው ተፈጽሟል።