ስለ እስትንፋስና ስለ መተንፈሻ መሣሪያ

ነፍስ፥ ነፋስ፥ መንፈስ፥ እስትንፋስ የሚሉት ቃላት ከአንድ ግንድ የበቀሉ መሆናቸውን የግእዝ ሊቃውንት ሁሉ ያውቁታል። አባቶቻችን ሕይወትንና አየርን በአንድ ሥር ማሰራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን መቆየት ሲችል፥ ያለ እስትንፋስ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሊቆይ አይችልምና። ዳሩ ግን ስለ እስትንፋስ ይህን ያህል ሲነገር፥ አየሩ ወደ ሳንባ የሚገባው በምን ኃይል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሳንባ ራሱ አየርን የሚስብ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ሳንባ አየር የሚስብበት የራሱ ጡንቻ የለውም። የአንጥረኛን ወናፍ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል፤ አንጥረኛው የወናፉን አፍ ከፍቶ ቆዳውን ወደ ላይ ባነሣው ጊዜ አየሩ ማንም ሳይገፋው ይገባል። በእኛም ደረት የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። በደረትና በሆድ መካከል እንደ መጋረጃ የተዘረጋ፥ ሐኪሞች ድያፍራም ብለው የሚጠሩት ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ በተኰማተረ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶችም ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነሣሉ፤ ደረቱም ይሰፋል። በዚያን ጊዜ በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ጥቂት ያንሳል፤ አየርም ግፊቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት መሄድ ጠባዩ ስለ ሆነ ይገባል። ልዩነቱም እጅግ ትንሽ ነው፤ ጤነኛ ሰው በጸጥታ ሲተነፍስ፥ በሳንባው ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያለው ግፊት ከውጭው የሚያንሰው፥ ውሃን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ለማድረግ በሚበቃ ኃይል ብቻ ነው። አየሩ ሲወጣ ግን ምንም ድካም አያስፈልግም፤ የተለጠጠው ሳንባ እንደ ላስቲክ ወደ ቀድሞው መጠኑ ሲመለስ አየሩን ራሱ ያወጣዋል።

አንድ ጐልማሳ ሰው ባንድ ጊዜ የሚያስገባው አየር ግማሽ ሊትር፥ ይኸውም 500 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው በአፍንጫና በጉሮሮ ቧንቧዎች ቀርቶ ስለሚመለስ ከደም ጋር አይገናኝም። እንግዲህ በደቂቃ 12 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው 6 ሊትር ቢያስገባም፥ የሚጠቅመው 4 ሊትር ከ200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሌላው ሰው ደግሞ በደቂቃ 24 ጊዜ እያለከለከ ባንድ ጊዜ 250 ሚሊ ሊትር ቢተነፍስ፥ ያስገባው አየር እንደ ፊተኛው 6 ሊትር ነው፤ የሚጠቅመው ግን 2 ሊትር ከ400 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የሚያለከልክ በሽተኛ ብዙ አየር ያገኘ መስሎ ቢታይም፥ በእውነቱ የጐደለበት ነው። ይህን ሒሳብ ያላወቀ አስታማሚ በዓይኑ ብቻ ሊፈርድ አይችልም።

የእስትንፋስ ሥራው ደግሞ ሁለት ነው፤ አንደኛው ኦክስጅንን ወደ ደም ማግባት፥ ሁለተኛው በሰውነት ውስጥ የተቃጠለውን አየር ማውጣት ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ስለማይታይ ይዘነጋል። መዘንጋቱም ምን ያህል ነፍስ እንደሚያስጠፋ፥ ማስታወሱም ምን ያህል እንደሚያድን በዴንማርክ አገር ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የሆነው ነገር ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1952 በክረምታችን ወራት በዚያች ከተማ ጽኑ የፖሊዮ፥ ይኸውም የልጅነት ልምሻ፥ ወረርሽኝ ተነሣ። ሕሙማኑ ወደ ብሌግዳም ሆስፒታል ይመጡ ነበር። በሽታው የመዋጫና የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያሰነፈባቸው ብዙዎች ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች የነበረው መድኃኒት ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ ሻው የተባሉ አሜሪካውያን በ1928 በቦስተን የሠሩት የብረት ሳንባ ነበር። ይህ መሣሪያ በሽተኛው ራሱን ብቻ በውጭ አስቀርቶ የሚተኛበት ትልቅ የብረት በርሜል ነው፤ በበርሜሉ ውስጥ ያለው አየር በተመጠጠ ጊዜ ደረት ይሰፋል፥ አየርም በአፍና በአፍንጫ ይገባል። አሠራሩ የተፈጥሮን መንገድ የተከተለ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጉሮሮው የሰነፈበት ሰው ምራቁን መዋጥ ስለማይችል፥ መሣሪያው ከአየሩ ጋር ምራቁንም ወደ ሳንባው ይስበዋል። ሆስፒታሉም የነበረው አንድ የብረት ሳንባና ደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት ትንንሽ መሣሪያዎች ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በእነዚህ ከታከሙት 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ አለቃ ፕሮፌሰር ላሰን ቢጨንቃቸው ቢዮርን ኢብሰን የሚባሉትን የማደንዘዣ ሐኪም ለምክር ጠሩ። ለዚህ አለቃ ምስጋና ይገባል፤ በዚያ ዘመን ማደንዘዣ ሰጪን ከቀዶ ጥገና ክፍል አውጥቶ ስለ ተላላፊ በሽታ ማማከር ያልተለመደ ነበርና። ኢብሰንም የሞቱትን ሰዎች ሁኔታ መርምረው ሌሎቹ ያላስተዋሉትን ነገር አገኙ። ሕሙማኑ ኦክስጅን ይሰጣቸው ስለ ነበረ ሰውነታቸው አልጠቈረም፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ እስትንፋሳቸው ደኅና ነው፥ የገደላቸው በሽታው ወደ አንጐል ወጥቶ ነው ይሉ ነበር። ኢብሰን ግን ላቡንና የደሙን ግፊት መጨመር አይተው፥ የተቃጠለው አየር ሳይወጣ በደም ውስጥ ተከማችቶ እንደ መርዝ ሆኖባቸዋል አሉ።

ነሐሴ 27 ቀን 1952 አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ልትሞት ስትል ቀረበችላቸው። ከጉሮሮዋ በታች ቀዳዳ ተከፍቶ ቧንቧ ገባላት። ልጅቱ ስለ ታገለች አየሩ እንቢ አለ፤ ሁኔታዋም ከፊተኛው የከፋ ሆነ። ኢብሰን ግን የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥተው ትግሏን ካበረዱ በኋላ፥ ኦክስጅን ያለበትን የላስቲክ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ አየሩን ወደ ሳንባዋ ገፉት። የተቃጠለው አየር ከደሟ ወጣ፤ ልጅቱም ከሞት ተረፈች።

ዘዴው ተገኘ፤ ነገር ግን ከረጢቱን ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚጨምቅ እጅ ከየት ይምጣ? ባንድ ጊዜ እስከ 70 የሚደርሱ ሕሙማን ይህን አገልግሎት የሚሹበት ቀን ነበር። ስለዚህ ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተጠርተው፥ በየአልጋው አጠገብ በተራ እየተቀመጡ 165,000 ሰዓት ያህል በእጃቸው አስተነፈሱ። ከመቶ ከ80 በላይ የነበረው ሞት ወደ 40 ገደማ ወረደ። እኛ እንደምናየው በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀው አዲስ ብረት አለመገኘቱ ነው። የተገኘው ትክክለኛ ማስተዋልና የብዙ ሰው እጅ ነበር። ኢብሰን በሚቀጥለው ዓመት በከተማይቱ በሌላ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ብቻ የሚጠበቁበትን ክፍል አቋቋሙ፤ ዛሬ በየአገሩ ያለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ የወረደ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማሪውን እጅ የተካው፥ ሐኪሞች ቬንቲሌተር የሚሉት መሣሪያ ነው። አሠራሩ ግን ከተፈጥሮ ጋር ተቃራኒ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ተፈጥሮ ደረትን አስፍታ አየርን ስትስብ፥ መሣሪያው በቧንቧ አየርን ይገፋል። የሚገፋ ነገር ደግሞ መጠን ካጣ ይጐዳል። የታመመ ሳንባ ከፊሉ በውሃና በእብጠት ስለ ተዘጋ፥ ለአየር ክፍት ሆኖ የሚቀረው ክፍል ትንሽ ነው፤ የጤነኛ ሰው መጠን ቢገፋበት ያ ትንሽ ክፍል ከልክ በላይ ይለጠጣል። በአሜሪካ በ861 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2000 የታተመ ምርመራ ይህን ግልጥ አደረገው። ለአንድ ኪሎ ክብደት 12 ሚሊ ሊትር አየር ከተሰጣቸው ከመቶው 40 ያህል ሲሞቱ፥ 6 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው የሞቱት 31 ናቸው። መሣሪያው አንድ፥ መድኃኒቱም አንድ ሆኖ፥ ሰውን የለየው መጠኑ ነው። ክብደቱም የሚሰላው ከቁመት እንጂ ከሚዛን አይደለም፤ ሰው ቢወፍር ሳንባው አይጨምርምና።

ሌላም ብልሃት አለ። እርጥብ ወናፍ ፈጽሞ ባዶ ከሆነ ቆዳው እርስ በርሱ ይጣበቅና እንደገና ለመክፈት ያስቸግራል። የታመሙ የአየር ከረጢቶችም እንዲሁ ስለሚጣበቁ፥ መሣሪያው በሽተኛው አየር ካወጣ በኋላ ጥቂት ግፊት በሳንባው ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል።

በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የዓለም መንግሥታት ይህን መሣሪያ ለመግዛት ተሽቀዳደሙ። መግዛቱ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ያለ ኦክስጅን፥ ያለማይቋረጥ ኤሌክትሪክና ሌሊቱን ሁሉ ነቅቶ ከሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው በቀር ከዕቃ ቤት ሣጥን አይሻልም። የኦክስጅኑ ነገር ለእኛ ለደገኞች ይብስብናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በመቶ 21 መሆኑ ባይለወጥም፥ ወደ ደም የሚገፋው ኃይል ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሳንባው የታመመ ደገኛ ከቈለኛው ቀድሞ ኦክስጅን ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ በጀት የሚያዘጋጁ ሹማምንት የመሣሪያውን ዋጋ በጻፉበት ወረቀት ላይ፥ የኦክስጅኑን፥ የኤሌክትሪኩንና የአስታማሚውን ደመወዝ አብረው ሊጽፉ ይገባቸዋል።

መሣሪያው በሽታውን አያድንም፤ ሰውነቱ ወይም መድኃኒቱ እስኪያድነው ድረስ ጊዜ ይሰጣል እንጂ። በላዩም መቆየት ጉዳት አለው፤ ሥራ የፈታ ድያፍራም በጥቂት ቀን ይደክማል፥ በቧንቧውም በኩል ሌላ የሳንባ በሽታ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በሽታው ሲቀልል ሐኪሞች የመሣሪያውን እርዳታ ቀንሰው፥ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት በሽተኛው በራሱ ኃይል እንዲተነፍስ ይፈትኑታል። በዚያ ሰዓት አስታማሚው በአልጋው አጠገብ ቆሞ የእስትንፋሱን ቍጥር፥ የልቡን ምትና የፊቱን ላብ ይጠብቃል። ካለከለከ ወደ መሣሪያው ይመለስና በማግሥቱ ዳግመኛ ይፈተናል፤ ከጸና ግን ቧንቧው ይወጣለታል።