ከባድ ጀልባ ለሚጭን ተሳቢ ስለሚመረጥ ፍሬን

በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ወደ ጣና ጉዞ ስትጀምር ሕዝቡ የተደነቀው በግዝፈቷ ነበር። ነጋዴ ግን እንዲህ ያለውን ሸክም ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ምንድን ነው ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

መካኒሳ አቦ ከሱቁ ተቀምጦ የዋጋ ዝርዝር የሚያገላብጥ አስመጪ ዓይኑ የሚያርፈው በርካሹ ላይ፣ ተሳቢው ጎታቹን ሲገፋ በራሱ በሚይዘው ፍሬን ላይ ይሆናል። የአውሮፓ ሕግ ይህን ዓይነት ከ3,500 ኪሎ ግራም በላይ ለሚመዝን ተሳቢ አይፈቅድም። በእኛ አገር ግን ከዚያ በታችም ያሠጋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ተሳቢው ሳያቋርጥ ይገፋል፤ ፍሬኑም ዕረፍት አጥቶ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል።

ስለዚህ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ነጂው ከመቀመጫው ሆኖ የሚያዝዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት ፍሬን ይመረጣል። ጀልባው ሐይቅ ሲወርድ ጎማው ውኃ ስለሚነካ፣ ከከበሮ ይልቅ ቶሎ የሚደርቀው ዲስክ ይሻላል። ለከባዱ ጭነት የአየር ፍሬን ነው፤ ሆኖም ተራ ፒክአፕ ለዚህ የሚሆን የአየር መጭመቂያ ስለሌለው፣ ሻጩ አስቀድሞ የደንበኛውን ጎታች መኪና ይጠይቅ። ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ በራሱ የሚያቆመው መሣሪያና ባትሪው አብረው መምጣታቸውንም ዕቃው ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጥ።