ተጨማሪ መረጃ፦ ተኝተንም የምናወጣው ጉልበት

በደጋ ብርድ ባና ተከናንቦ የተኛ ሰው እንኳ ጉልበት ያወጣል፤ ልቡ ይመታል፣ ይተነፍሳል፣ አንጎሉ ይሠራል። በፍጹም ዕረፍት ጊዜ ለሕይወት የሚውለው ይህ ጉልበት መሠረታዊ ሜታቦሊዝም ይባላል። በአዋቂ ሰው ለ1 ኪሎ ግራም ክብደት በሰዓት 1 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ክብደቱ 55 ኪሎ ግራም ከሆነ፦

55 × 24 = 1,320 ኪሎ ካሎሪ በቀን

ሥራና ምግብ፦ ይኸው ሰው ሲያርስና ሲያጭድ ከዋለ የዚህን 2 እጥፍ ያህል (2,640) ይፈልጋል፤ ወንበር ላይ ከዋለ 1.5 እጥፍ (1,980) ይበቃዋል። የገብስ በሶና ቆሎ ለአራሽ ጥሩ ስንቅ ነው። እርሻውን ትቶ የምግቡን መጠን ያልቀነሰ ሰው ግን ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማችበታል፤ ለዓይነት 2 የስኳር በሽታና ለደም ግፊትም ይበልጥ ይጋለጣል።

አዮዲን፦ አዮዲን ሲያንስ የታይሮይድ ዕጢ ያብጣል፤ እንቅርት የሚባለው ይህ ነው። የዕጢው ሆርሞን ሲቀንስ መሠረታዊ ሜታቦሊዝም ይወርዳል፤ ሰውየው ይደክመዋል፣ ብርድ አይችልም። ስለዚህ አዮዲን ያለውን ጨው አዮዲኑ እንዳይባክን በክዳን ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ መጨመር ይገባል።

ተግባር፦ ከቤተሰባችሁ የአንድ አዋቂን መሠረታዊ ሜታቦሊዝም አስሉ።