ያልተነቃነቀው መስመር

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቁጥር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ጠዋት ሳሪስ ውስጥ ለምርጫ ተሰልፌ፣ ተራዬ እስኪደርስ ካርዴን ሳገላብጥ፣ የምርጫ ክልሌ ቁጥርና የወረዳዬ ቁጥር እንደማይገጥሙ አየሁ። ጸሐፊው የተሳሳተ መሰለኝ። ከኋላዬ የቆሙትን የሰፈራችንን ሽማግሌ አስፈቅጄ ካርዳቸውን ባየው የእሳቸውም ያው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር የምን ነው?»

«የድሮ ወረዳ ይሆናላ። ስንት ቁጥር አልፎብናል መሰለህ፣ ልጄ! መጀመሪያ ከፍተኛ ተባልን፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ደግሞ ክፍለ ከተማ መጣ። እኛ እንደሆንን ያው ሳሪስ ነን።»

ሳቅንና መርጠን ወጣን። እኔ ግን ቁጥሩን ልረሳው አልቻልኩም።

ፍንጭ ያገኘሁት ቦሌ ነው። እዚያ «ወረዳ 17 ጤና ጣቢያ» የሚባል አለ። ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግን አስራ ሰባተኛ ወረዳ የለም፤ ስሙ ከ1995 በፊት አዲስ አበባ በ28 ወረዳዎች ተከፍላ ሳለ የወጣለት ነው። በ1995 ከተማዋ በአስር ክፍለ ከተሞች ስትደራጅ አሮጌዎቹ ወረዳዎች ፈረሱ፣ ጤና ጣቢያው ስሙን ይዞ ቀረ። የምርጫ ክልሎቹም እንዲሁ። የ2002 ምርጫን አስታወስኩ፦ ከ547 መቀመጫ አንዷን ለተቃዋሚ ያስገኙት አቶ ግርማ ሰይፉ ያሸነፉት በአዲስ አበባ «ወረዳ 6» ነበር። ያ ወረዳ ያኔ ከፈረሰ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር! ጋሼ ልክ ነበሩ።

ቁጥሩ ካረጀ መስመሩም አርጅቷል ማለት ነው። ያረጀ መስመር ደግሞ ማንን ይጎዳል? እውነቱን ለመናገር፣ መልሱን አስቀድሜ ወስኜ ነበር የተነሳሁት። ተበዳዩ አዲስ አበቤ ነው ብዬ።

ከሳሪስ የባቡር ፌርማታ አጠገብ ካለች ካፌ ማኪያቶ አዝዤ ማካፈል ጀመርኩ። በ1987ቱ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ከ53 ሚሊዮን ትንሽ በለጥ ይል ነበር፤ ለ547 ሲካፈል ለአንድ ተወካይ ወደ 100 ሺህ ሰው ይደርሳል። በ1999ኙ ቆጠራ ሕዝቡ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ፣ ድርሻውም ወደ 135 ሺህ አደገ። አዲስ አበባ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብና 23 መቀመጫ አላት። ሳካፍለው 119 ሺህ። ደገምኩት፤ ያው ነው። በዚያ ቆጠራ ሂሳብ የአዲስ አበባ ሰው ድምፅ ከአገሪቱ አማካይ ትንሽ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። አማራ ክልል 125 ሺህ፣ ኦሮሚያ 152 ሺህ። ሶማሌ ክልል ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ፦ ከ4.4 ሚሊዮን በላይ ሰው ለ23 መቀመጫ፣ አንዱ ተወካይ ለ193 ሺህ ሰው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 87 ሺህ። ለዚህኛው ሕጉ ራሱ በከፊል መልስ አለው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 አናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲኖራቸው ያዝዛል። የሶማሌ ክልሉን 193 ሺህ ግን በዚህ ላስታርቀው አልቻልኩም። ቂሜን ይዤ መጥቼ የሌላ ሰው በደል አግኝቼ ተነሳሁ።

ቀና ስል ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ባቡር ሰው በሰው ሆኖ አለፈ። ቃሊቲ ወርደው ታክሲ የሚይዙት ብዙዎቹ የቱሉ ዲምቱና የቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ሰዎች ናቸው። ከመሃል ከተማ ሰፈራቸው ፈርሶ የመጣ አለ፣ ዕጣ የወጣለት አለ፣ ኪራይ ያሳደደው አለ። በ1999 አቃቂ ቃሊቲ ከአስሩ ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ትንሹ ነበር፦ ከ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ላይ 181 ሺህ ሰው ብቻ። እነዚያ ሕንጻዎች ያኔ እርሻ ነበሩ። ለካስ መታየት ያለበት ከተማዋ ከክልሎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከተማዋ ከራሷ ጋርም ነው። ሰው ከመሃል ወደ ዳር ጎርፎ መስመሩ ባለበት ከቆመ፣ ሰው የለቀቀው ሰፈርና ሰው የሞላው ሰፈር በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ።

ቀጥሎ ጥፋተኛውን መፈለግ ያዝኩ። በአሜሪካ የምርጫ መስመር ሲዛባ ወንጀለኛው ብዙ ጊዜ ይታወቃል። በፈረንጆቹ 1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲያቸው የሚመች ካርታ ፈረሙ፤ ከምርጫ ክልሎቹ አንዱ እንሽላሊት መሳይ እንስሳ መስሎ ስለነበር ካርታ ማጣመም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በብዙ ግዛቶች መስመሩን የሚያሰምሩት በዚያው መስመር የሚመረጡት ናቸው። ሚሺጋን ውስጥ ኬቲ ፋሂ የምትባል የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት በፈረንጆቹ 2016 ምርጫ ማግስት ፌስቡክ ላይ ይህን ለማስቆም አብሮኝ የሚሠራ አለ ወይ ብላ ጻፈች። ፖለቲካ የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ከ425 ሺህ በላይ ፊርማ አመጡ፤ በፈረንጆቹ 2018 ሕዝቡ በ61 በመቶ ድምፅ ሥራውን ከፖለቲከኞች ነጥቆ 13 ዜጎች ላሉበት ኮሚሽን ሰጠ።

የእኛ ሕግ በዚህ በኩል ከብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይሻላል ብል አላጋነንኩም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይካሄዳል፣ ምርጫ ቦርድ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ሐሳብ ያቀርባል፣ የምርጫ ክልሎችን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው ይላል። መስመሩ ከተመራጮቹ ከተወካዮች ምክር ቤት እጅ ወጥቷል። እኔም ካርታውን ያጣመመ እጅ ስፈልግ የከረምኩት በከንቱ ነበር፤ ጥፋቱ ማንም ካለመንካቱ ነው። የ1999ኙን የሚተካው አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታስቦ ተላለፈ፣ ሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው እንደገና አራዘሙት፣ ከዚያ ኮሮና መጣ። ቆጠራ ከሌለ ቦርዱ የሚያቀርበው የለም፤ ቦርዱ ካላቀረበ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ የሚወስነው የለም።

ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፌ ለጋሼ አነበብኩላቸው። በረንዳቸው ላይ ቡና እየተፈላ ነበር። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡኝ።

«ማመልከቻ ልትጽፍ ነው?»

«አስቤያለሁ፣ ጋሼ። ለማን እንደምጽፍ ነው የጨነቀኝ። ለቦርዱ ነው፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው?»

«የሚያካፍለውን ትተህ መጀመሪያ ለሚቆጥረው ጻፍ» አሉኝና ሲኒያቸውን አቀበሉኝ። «አድራሻህን ስትሞላ ደግሞ ሁለቱንም ቁጥር አድርግ። አሮጌውንም አዲሱንም።»