ሙንሺዱ፣ ተቺውና ዝም ያለው ምስክር



የመድረክ ሰው መተቸቱ አዲስ ነገር አይደለም። ዘፋኙም፣ ተዋናዩም፣ መንዙማ አውጪውም ድምፁን ለሕዝብ ካሰማ ሕዝቡም በተራው ድምፁን ያሰማበታል። አዲሱ ነገር ተቺው በቦታው አለመኖሩ ነው። ድሮ የሚተች ሰው ቢያንስ የዳሱን ደጃፍ የረገጠ ነበር፤ ዛሬ ቦረና ውስጥ የተዜመ መንዙማ ጂዳ ላይ ይፈረድበታል፣ ፍርዱም ተመልሶ ከባለቤቱ በፊት ለጎረቤቱ ይደርሳል። ስለዚህ ጉዳይ ስናነሳ ከሩቅ አንጀምርም። እኛው ራሳችን የምንጠየቅበት ታሪክ አለና ከእርሱ እንነሳለን።

በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም ከተማ የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር በተደረገ ኒካሕ ላይ ተገኝተን ነበር። የወንዶችና የሴቶች ዳስ ለየብቻ ተጥሏል። የደጋው ብርድ ጠንከር ያለ ስለነበር አዛውንቱ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። መንዙማውን የሚያወጣው ወጣት በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ያስተማርነው ልጅ ነው፤ ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳል። አባቱ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየሐድራው ድቤ የመቱ ሰው ናቸው። ልጁ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዳሴ ሲጀምር ተቀባዩ ሞቅ አድርጎ ተቀበለው። መሸት ሲል ግን ከከተማ የመጡ ጥቂት ጎረምሶች ተነስተው እስክስታ ይወርዱ ጀመር። ልጁም ወዲያውኑ ድቤውን አስቆመና፣ «ወንድሞቼ፣ ይሄ ጭፈራ አይደለም፤ የነቢያችን ስም እየተነሳ ነው፤ እባካችሁ ተቀመጡ» አለ። ተቀመጡ። እርሱም ካቆመበት ቀጠለ። ይህን በዓይናችን አይተናል፣ በጆሯችን ሰምተናል።

ከእንግዶቹ አንዱ በስልኩ ቀርጾ ኖሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ አርባ ሰከንድ የማይሞላ ቁራጭ በፌስቡክና በቲክቶክ ወጣ። ቁራጩ ጎረምሶቹ እስክስታ ሲወርዱ ይጀምርና ልጁ ድቤውን ከማስቆሙ በፊት ያበቃል። ዲናችን መጨፈሪያ ሆነ የሚል ጽሑፍም ተለጥፎበታል። ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ሙናፊቅ ያለው አለ፣ ለገንዘብ ሲል ነው ያለው አለ፣ አዝማሪ ያለው አለ (አዝማሪ የሚለውን ቃል ስድብ ማድረጋችን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይሻል)፤ አባቱን ከነድቤያቸው የሰደበም አልጠፋም።

በዚያው ክረምት እኛ ለትምህርት አዲስ አበባ ነበርን። አንድ የሥራ ባልደረባችን ቁራጩን አሳየንና ይህ የእናንተ አገር ልጅ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀን። ሳይሆን አይቀርም ብለን ስልኩን መለስንለት። ልጁ ወዲያው እንዳስቆማቸው፣ እኛም በሥፍራው እንደነበርን አልተናገርንም። ምክንያታችን ምን ነበር? በመድረሳ ያስቀሩን ሸኽ መንዙማን የሚወዱ ናቸው፤ ኋላ ያፈራናቸው ወንድሞች ደግሞ መንዙማን ቢድዓ ነው የሚሉ ናቸው። አንድ ቃል ብንተነፍስ ከአንዱ ወገን እንቆጠራለን ብለን ፈራን። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሁለቱም ወገን ዑለማዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው በልዩነታቸው ተከባብረው በአንድ መጅሊስ ሥር ለመሥራት ተስማምተዋል። ያ ስምምነት እኛ ልብ ውስጥ ገና አልገባም ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው ነገር ልጁ ራሱ ስለ እርሱ የሚባለውን ማየት አለመቻሉ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ተቋረጠ። አዲስ አበባና ጂዳ ያለው ሰው ሁሉ ሲያየው ባለቤቱና ቤተሰቡ አላዩትም። ወሬውን መጀመሪያ የሰሙት አባትየው ናቸው፤ ዘመድ ከጂዳ ደውሎ ልጅህ ምን ነካው አላቸው። ቁራጩም ከአዲስ አበባ በተመለሱ ሰዎች ስልክ ገብቶ፣ ያለ ኔትዎርክ፣ በሚሞሪና በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ከብዙ ወራት በኋላ ኔትዎርኩ ሲመለስ የተጠራቀመው ስድብ ሁሉ በአንድ ሌሊት በልጁ ላይ ፈሰሰበት። በንዴት ስልኩን አንስቶ መልስ ቀረጸ። ተቺዎቹን ሰደበ፣ የአንዱንም አገር ጠርቶ አዋረደ። ያም መልስ ተቆርጦ ከመጀመሪያው ይበልጥ ተሰራጨ። ለመጀመሪያው ስድብ ያልነበረው ምክንያት ለሁለተኛው ተገኘለት። ከዚያ በኋላ ልጁ ድቤውን ሰቅሎ ባጃጁን ብቻ ይነዳ ጀመር። የሠርግ ጥሪ ሲመጣለት ጉሮሮዬን አሞኛል ይል ነበር።

በወሎ መንዙማ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ማስተማሪያ ነበር። መውሊድን በአደባባይ የማክበርን ልማድ በወሎ ያስፋፉት የጀማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊዕ መሆናቸውን የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ ጽፈዋል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በተገደደ ጊዜ የተነሱት ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈርም በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎችን ደርሰዋል። ኪታብ ለማያነብ ገበሬ ግጥሙ ኪታቡ ነበር። ስለዚህም በቃሉ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ብርቱ ነበር። አባትየው እንዳጫወቱን፣ «በእኛ ጊዜ ስታጠፋ መጀመሪያ ተቀባዩ ይቀዘቅዝብሃል። አንተ ታወጣለህ፣ የሚቀበልህ የለም። ያኔ ታውቀዋለህ። ውዳሴው ከልክ ያለፈ እንደሆነም ሸሆቹ በነጋታው ቤታቸው ይጠሩህና ቡና አጠጥተው፣ ይህችን ቃል ተዋት፣ ይህች ለአላህ ብቻ የምትባል ናት ይሉሃል። እኔ ሁለት ግጥም እንዲህ ጥያለሁ።»

ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በ1980ዎቹ የሸኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ በየቤቱና በየሱቁ ሲሰማ፣ ተቃውሞውም በዳዕዋ ካሴትና በመስጊድ ንግግር ይመጣ ነበር። ቢሆንም ካሴት ሁለት ገጽ አለው፤ ገዝቶ የሚያዳምጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ያዳምጠዋል። አርባ ሰከንድ ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ አልነበረም።

የመድረክ ሰው ሲተች ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ መድረሳ ስንቀራ የሰማነው አንድ ሐዲስ መልስ ይሰጠናል። ሐሳን ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ.) በመስጊድ ግጥም ሲያሰማ ዑመር (ረ.ዐ.) አልፈው በዓይናቸው ገሠጹት። ተቺው ተራ ሰው አይደለም፤ ዑመር ነው! ሐሳን አልተሳደበም፣ አልሸሸምም። በዚሁ መስጊድ ከአንተ የሚበልጥ ሰው ባለበት አሰማ ነበር ሲል መለሰ። በዚህም አላበቃም፤ ወደ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዞሮ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እርሱ ያደረጉትን ዱዓ ሰምተህ እንደሆነ በአላህ ይዤሃለሁ አለው። አቡ ሁረይራም አዎን ብሎ መሰከረ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የሐሳን መልስ የቆመው በአንደበቱ ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን በዚያ የነበረ ሰው ነበርኩ ብሎ በመናገሩ ጭምር ነው። ልጃችን ያጣው ይህን ነው። አቡ ሁረይራው ክረምቱን አዲስ አበባ ተቀምጦ ሳይሆን አይቀርም ይል ነበር።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በቴህራን ተወልዶ በለንደን ያደገው ሳሚ ዩሱፍ በነሺዳ ዝናው በገነነበት በ2006 እ.ኤ.አ. እህታችን ኢቮን ሪድሊ ብርቱ ትችት ጻፈችበት። ሪድሊ በ2001 እ.ኤ.አ. በታሊባን ተይዛ የተፈታችና ኋላ እስልምናን የተቀበለች እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ ናት። የነሺዳ መድረክ እንደ ፖፕ ዘፈን መድረክ ሆኗል፣ ልጃገረዶቻችን ይጮኻሉ፣ ይወዛወዛሉ ነበር ያለችው። ጽሑፉ በኢንተርኔት ከአገር አገር ዞረ። ሳሚ ዩሱፍ በስሟ ጠርቶ፣ በእህትነት ሰላምታ ጀምሮ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈላት። ብሪታኒያዊ ሙስሊም መሆኑ እንደማያሳፍረውም ተከራከረ። ሁለቱ ተስማሙ አንልም። ነገር ግን የእርሷም ጽሑፍ ከነስሟ የቀረበ ነበር፣ የእርሱም መልስ እንዲሁ። አንባቢው ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ሊፈርድ ችሏል። በበኩላችን ሪድሊ ያነሳችው ሥጋት ከንቱ አይመስለንም፤ በእኛም ዳስ ጎረምሶቹ ተነስተው ነበርና።

ዩሱፍ ኢስላም ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። ካት ስቲቨንስ ተብሎ ዓለም የሚያውቀው ይህ ዘፋኝ በ1977 እ.ኤ.አ. ሸሃዳ ከያዘ በኋላ መድረኩን ትቶ ጊታሩን አስቀምጦ ለረጅም ዓመታት በትምህርት ቤትና በእርዳታ ሥራ ቆየ። በ2006 እ.ኤ.አ. እንደገና ጊታር ይዞ ሲመለስ ከሙስሊሞች ወቀሳ ገጠመው። እርሱም ለምን እንደተመለሰ፣ የዑለማዎችን ልዩነት እንዴት እንደተመለከተው ቁጭ ብሎ ጻፈ። ዛሬም የማይቀበሉት አሉ። እርግጥ ነው በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ ኢማም አል-ገዛሊና ኢብኑል ጀውዚ እንኳ የተስማሙ አይደሉም፤ እኛ የክፍል መምህራን በአንድ ገጽ አንጨርሰውም።

የተባለውን ሳያረጋግጡ መዝመት በአገራችንም ለሙስሊሙ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ድምፃዊ ቴዲ አፍሮ ስለ ዐፄ ምኒልክ ዘመቻ ተናገረው በተባለ አንድ አባባል የተነሳ በፌስቡክ ዘመቻ ተከፈተበት። እርሱ እንዲያ አላልኩም ሲል አስተባበለ። ቢሆንም በደሌ ቢራ ለኮንሰርቱ የሰጠውን ድጋፍ አነሳ። የቢራው ጉዳይ አይመለከተንም፤ ስለ ምኒልክም ቢሆን በእኛ ቤት ብዙ የሚባል አለ። ግን አንድ ሰው አላልኩም እያለ ብለሃል የሚባልበት ፍርድ ነገ ወደ ማን እንደሚዞር አይታወቅም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አረጋግጡ ያለው ለዘፋኝ አይሠራም አላለም።

ይህን ስንል ትችት ይቅር ማለታችን አይደለም። ውዳሴው ለፍጡር ከሚገባው ሲያልፍ ዝም ማለት ለሙንሺዱም አይጠቅምም። ለአንድ ሌሊት የሚጠየቀው ዋጋ ድሃውን ሙሽራ ብድር ውስጥ የሚከት ከሆነም ይነገር። ወንዱና ሴቱ ተቀላቅሎ ሲጨፍርም እንዲሁ። ልጁም ቢሆን በመልሱ አጥፍቷል፤ የሰውን አገር አንስቶ መስደቡን አንደግፈውም፣ ይህንንም ራሱን አግኝተን ነግረነዋል። ነገር ግን ነሲሓ ባለቤት አለው፣ አድራሻ አለው። ቦረና ድረስ ስልክ ይደወላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አባትየው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው ተቀመጡና ብዙ ሳይናገሩ፣ «መምህር፣ አንተ እኮ እዚያ ነበርክ፤ አይደል?» አሉን። ከዚያ በኋላ የምንመልሰው አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ማታ በድምፃችን፣ ስማችንን ጠርተን፣ ያየነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርጸን ጽሑፉን መጀመሪያ ለለጠፈው ሰው ላክንለት። የወግዲ ልጅ ነው፣ ጂዳ በሹፌርነት የሚሠራ። ልጁም ከሥር በአጭሩ፣ ስለ ስድቤ ዐፍው በለኝ፣ ስለ እስክስታው ግን መምህሬ የተናገሩት ነው የሆነው ብሎ ጻፈ። ሦስት ቀን መልስ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ሰውየው ደወለ። ቪዲዮውን ከሌላ ሰው አግኝቶ እንደለጠፈው፣ መጨረሻውን እንዳላየ ነገረንና ጽሑፉን አነሳ። ለአባትየውም ደውሎ ዐፍው ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ «አብሽር ልጄ፣ ስትመጣ ቤቴ እደር» አሉት።

ልጁ በዘንድሮው መውሊድ ድቤውን አወረደ። በመድረክ ሳይሆን በአባቱ ቤት ነበር። ስልክ ያወጣ ሰው ካለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቅረጽ ብሎ ሲናገር ሁሉም ሳቀ።

ቁራጩ ግን ዛሬም አለ። በቅርቡ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን በእረፍት ሰዓት ስልኩን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይሄን አይተውታል? ሰውዬው በመንዙማ ሲያስጨፍር» አለን። ያውቀው እንደሆነ ጠየቅነው፤ አያውቀውም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ባጃጅ የማን እንደሆነ አልነገርነውም። ሙሉውን አይተኸዋል ወይ ብቻ አልነው።

«ሙሉ አለው እንዴ?» አለ።